ባሕር ዳር ላይ በትርፍ ጊዜ መጽሐፍ ደርዳሪ ለመሆን፦ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ለማን ይሻላል?

ማስታወቂያው ላይ ሥራው አንድ መስመር ነው፦ «መጻሕፍትን ወደ ቦታቸው መመለስ»። ሥራው ላይ ሲገባ ግን የዩኒቨርሲቲ፣ የሕዝብ፣ የትምህርት ቤትና የግል ኮሌጅ ደርዳሪ የሚውሉበት ነገር ለየቅል ነው። አብዛኛው አመልካች የሚያወዳድረው ክፍያውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ነው። ከሁለቱም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ መደርደሪያው ለአንባቢ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

ዝግ ከሆነ አንባቢው ካታሎግ፣ ማለትም የመጻሕፍቱን ዝርዝር አይቶ የመጽሐፉን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፣ መታወቂያውን ያስይዛል፣ ሠራተኛው ገብቶ ያወጣለታል። ቀኑ የሚያልቀው በመመላለስ ነው። መጽሐፉን የሚነካው ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ብዙ አይዛነፍም፤ በአንጻሩ መጽሐፍ ከጠፋ ጥያቄው ሌላ የሚሄድበት የለም፣ ቀጥታ ወደ ሠራተኛው ነው። ክፍት ከሆነ ደግሞ አንባቢው ራሱ ያወጣል፣ ይገላልጣል፣ ከዚያ ወደ መሰለው ቦታ ይመልሳል። እዚህ ደርዳሪውን የሚያደክመው ጋሪ ላይ ያለው መጽሐፍ አይደለም። መደርደሪያው ላይ ያለ ቦታው የተሰካው ነው። ያለ ቦታው የገባ መጽሐፍ ካታሎጉ ላይ «አለ» ይላል፣ ፈላጊው ግን አያገኘውም፤ ከጠፋ መጽሐፍ በምንም አይለይም።

ስለዚህ ከሰው ጋር መነጋገር የሚወድ፣ በእግሩ ፈጣን የሆነ ዝግ መደርደሪያ ይስማማዋል። ዝም ብሎ፣ ትኩረት ሰጥቶ፣ ረድፍ በረድፍ መሥራት የሚወድ ክፍቱን ይምረጥ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሁለቱንም አጣምረው ይይዛሉ፦ ዋናው ስብስብ ክፍት፣ ብዙ ተማሪ የሚሻማበት የሪዘርቭ ክፍል ዝግ። ሲያመለክቱ «የትኛው ላይ ነው የምመደበው?» ብለው ይጠይቁ።

የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረውን ፖሊቴክኒክና በ1972 የተቋቋመውን የመምህራን (ፔዳጎጂ) አካዳሚ በማዋሐድ ነው። ከተማው ዛሬም ግቢዎቹን ፖሊና ፔዳ እያለ ይጠራቸዋል። ለደርዳሪ ይህ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በግቢዎቹ የሚሰጠው ትምህርት ስለሚለያይ መደርደሪያውም ይለያያል። ፖሊ ላይ የሚበዛው ምህንድስና ነው፤ መጽሐፉ ወፍራም፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅና ከባድ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው የመለያ ቁጥርም ከነጥብ በኋላ ረጅም ነው። ፔዳ ላይ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ ማኅበራዊና ተፈጥሮ ሳይንስ ይበዛል፤ መጽሐፉ ቀለል ይላል፣ ግን የአማርኛው ክፍል የራሱ ራስ ምታት አለው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ዘንዘልማ ግብርና ነው፤ ከዓባይ ማዶ በጎንደር መንገድ ላይ ስለሆነ ከመሀል ከተማ ለሚመጣ ሰው መንገዱ የፈረቃው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። 4 ሰዓት ሠርቶ ለመሄድና ለመመለስ 1 ሰዓት ተኩል የሚያጠፋ ሰው ክፍያውን ማካፈል ያለበት ለ5 ሰዓት ተኩል ነው። እንዲህ ሲሰላ ብዙ ጊዜ በሰዓት ያነሰ የሚከፍለው የሠፈር ኮሌጅ ይበልጣል።

የዩኒቨርሲቲው ትልቁ ጥቅም ብዛቱ ነው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በ20 እና በ30 ኮፒ ሊኖር ይችላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው በመጨረሻ የኮፒ ቁጥር ብቻ ይለያቸዋል። ጀማሪ «አንድ ዓይነት ናቸው» ብሎ እንደ መጡ ይሰካቸዋል። በሰኔ የቆጠራ ሰሞን ኮፒ 7 ከኮፒ 22 በኋላ ሲገኝ ቆጣሪው 7ን «የለም» ብሎ ይመዘግባል። ኮፒውንም በቅደም ተከተል ማስገባት ለአንድ መጽሐፍ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው፣ የሚያተርፈው ግን ቀናት ነው።

ሁለተኛው የግቢ ባሕርይ የፈተና ሰሞን ነው። ተማሪ ነገ የሚፈልገውን ኮፒ ሌላ እንዳይቀድመው ይደብቃል። የሚደበቅበት ቦታ የታወቀ ነው፦ ከረድፉ ኋላ ተጋድሞ፣ የላይኛው መደርደሪያ አናት ላይ፣ ወይም ማንም የማይደርስበት ክፍል ውስጥ። የሒሳብ መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሔት ጀርባ ቢያገኙ አይገረሙ። በፈተና ሳምንት ከመዘጋቱ በፊት እነዚህን ቦታዎች አንድ ዙር ማየት መደበኛ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ክሊራንስ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪ የተዋሰውን ሁሉ መልሶ ማስፈረም አለበት። መጽሐፉ ሰርኩሌሽን ላይ፣ ማለትም በማዋሻና መመለሻ ጠረጴዛው «ተመልሷል» ተብሎ ሳይመዘገብ ደርዳሪው አንሥቶ ከደረደረው፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ተማሪው «አልመለስክም» ይባላል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ላይ ያልተመዘገበ መጽሐፍ አይነሣም። ተመዝግበው የተመለሱትና ገና ያልተመዘገቡት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚከመሩበት ቤት ካጋጠመ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ቦታ እንዲለዩ ይጠይቁ። የልጁ ዲግሪ የሚዘገየው በዚህ ነው።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

አዳራሹ ሙሉ ስለሆነ ሥራው ብዙ ነው ብለው አይገምቱ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሚሞሉት ሰዎች ብዙዎቹ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ናቸው፤ የራሳቸውን ደብተርና ሃንድአውት ይዘው ይመጣሉ፣ የሚፈልጉት ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። የመጽሐፉን እንቅስቃሴ ለማወቅ የሚቆጠረው በየጠረጴዛው ላይ የተተወው መጽሐፍ ነው። ከማመልከትዎ በፊት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ገብተው ጠረጴዛዎቹን ይዩ። የተተወው መጽሐፍ ጥቂት ከሆነ የሥራው ትልቁ ክፍል ወንበር ማስተካከል፣ ጋዜጣ መለወጥና ሥርዓት ማስከበር ይሆናል። ለሚያጠና ሠራተኛ ይህ ጥሩ ነው፤ ሙያውን ለመማር ለሚፈልግ ግን ቀጭን ነው።

ልብ ወለድና ታሪክ በብዛት የሚነበብበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የአማርኛ መጻሕፍት የሚደረደሩት ብዙ ጊዜ በሀ ሁ ሂ ቅደም ተከተል ነው፣ ችግሩም እዚያው ነው። ዓለማየሁ በዓይኑ «ዓ» እና አለማየሁ በአልፋው «አ» ሲጻፍ በፊደል ገበታው መካከላቸው ከ፣ ኸ እና ወ ገብተው ያራርቋቸዋል። «ሠ» እና «ሰ» መካከል ረ አለ። «ሀ» እና «ሐ» ለ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ «ኀ» ግን ከቸ በኋላ ነው። የአንድ ደራሲ ሁለት መጻሕፍት አሳታሚው በጻፈው ፊደል ምክንያት ሁለት መደርደሪያ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ ይቆጥራሉ፣ አንዳንዶቹ እንደ ተጻፈው ይለያሉ። ሁለቱም ይሠራል፤ የማይሠራው የጠዋቱ ፈረቃ በአንዱ፣ የከሰዓቱ በሌላው ሲደረድር ነው። የቤቱ ደንብ ተጽፎ ካልተለጠፈ እንዲለጠፍ ያድርጉ። በተጨማሪም ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም፣ የውጭ ደራሲ በቤተሰቡ ስም ነው የሚመደበው። በእንግሊዝኛ የጻፈ ኢትዮጵያዊ በስህተት በአባቱ ስም ተመድቦ ከተገኘ ቁጥሩን ራስዎ አይቀይሩ፤ ለካታሎግ ክፍሉ ይንገሩ። ሌብሉ ብቻ ተቀይሮ መዝገቡ ካልተቀየረ መጽሐፉ ጠፋ ማለት ነው።

ትምህርት ቤትና የግል ኮሌጅ

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ ማታና እሑድ የለም። መጠየቅ ያለበት ነገር ሐምሌና ነሐሴ ይከፈላል ወይስ ውሉ የ10 ወር ነው የሚለው ነው። መጽሐፉ በክፍል ደረጃ ስለሚለይና ብዙ ጊዜ በቀለም ሌብል ስለሚመደብ መደርደሩ ይቀላል፣ ጥገናው ይበዛል፤ ገጽ ይገነጠላል፣ ሽፋን ይወልቃል። የተገነጠለ ገጽ በስኮች አይለጠፍ፤ በጊዜ ብዛት ይቢጫል፣ ማጣበቂያው ይደርቅና ገጹን ይዞ ይላቀቃል። ነጭ ኮላ በቀጭኑ ገጹ ጫፍ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ስፋት ቀብቶ፣ ከሥሩ አስገብቶ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ከላይ ክብደት ጭኖ ማሳደር ይበቃል።

የግል ኮሌጅ ለተማሪ አመልካች በሰዓት ረገድ ሁሉንም ያስከነዳል። የኤክስቴንሽንና የዊክኤንድ ተማሪ ስላላቸው ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን ሰው ይፈልጋሉ። ስብስቡ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ሰው ይመዘግባል፣ ያውሳል፣ ይደረድራል፣ ሌብል ይለጥፋል። በሌላ ቦታ በዓመት የማይደረስበትን ሥራ እዚህ በጥቂት ወራት ይማሩታል። ጉዳቱ ደግሞ የሚያስተምር ባለሙያ ላይኖር ይችላል፤ ከራስዎ ስህተት እየተማሩ ይቀጥላሉ። «ካታሎጉን የሠራው ማነው፣ አሁንም አለ?» ብሎ መጠየቅ ይህን ያጣራል።

ጣና ላይ ከመጻሕፍት ጋር መሥራት ሲባል ብዙ ሰው የገዳማቱ ብራናዎች ትዝ ይሉታል። ያ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። ብራናው በማኅደሩ ሆኖ በዕቃ ቤት ይጠበቃል፣ ኃላፊነቱም የገዳሙ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ጋሪ ላይ ጥቂት መጻሕፍት አስቀምጠው «ደርድር» ሊሉ ይችላሉ፤ ባይሉም እንኳ ሥራው ይኸው ነው። ሁለት አመዳደቦች በብዛት ያጋጥማሉ፦ ዴዊና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት።

ዴዊ ዕውቀትን ከ000 እስከ 999 ይከፍላል። 510 ሒሳብ፣ 610 ሕክምና፣ 630 ግብርና፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ 492.87 የአማርኛ ቋንቋ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ከነጥቡ በኋላ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ 621.3፣ 621.38፣ 621.3815፣ 621.39፣ 621.4። 3815 ከ39 የሚበልጥ ስለሚመስል ብዙዎች ወደ ኋላ ይወስዱታል። ከነጥብ በኋላ እንደ ሙሉ ቁጥር አይነበብም፤ አኃዝ በአኃዝ ነው የሚነጻጸረው። 3 እና 3 እኩል፤ ቀጥሎ 8 ከ9 ያንሳል፤ አለቀ፣ የቀረውን ማየት አያስፈልግም። ከነጥቡ በፊት ያለው እኩል ሲሆን ነጥብ የሌለው ሁልጊዜ ነጥብ ካለው ይቀድማል፦ 510 ከ510.1 በፊት።

የኮንግረሱ በፊደል ይጀምራል። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር ይነበባል፦ ኪውኤ 76 ከኪውኤ 276 ይቀድማል። ከነጥቡ በኋላ ያለው የደራሲ ምልክት ግን እንደ ዴዊው አኃዝ በአኃዝ ነው፦ ቢ35 ከቢ4 ይቀድማል። አንዱ ሌብል ላይ ሁለት የተለያየ የንባብ ደንብ ስላለ ይህ አመዳደብ ለመልመድ ጥቂት ቀን ይበልጥ ይወስዳል። ምርጫ ካለዎት ለጀማሪ ዴዊ ይቀላል።

አንድ ፈረቃ ከጋሪ እስከ መደርደሪያ

መጀመሪያ በትልቅ ክፍል ይለዩ፣ ሁሉንም 600ዎች አንድ ላይ፤ ቀጥሎ ጋሪው ላይ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ያስተካክሉ። ጋሪ ላይ ያልተስተካከለ መጽሐፍ መደርደሪያ መሀል ያመላልሳል። ጋሪው የሚጫነው ከታች ጀምሮ ነው፣ የሚራገፈው ከላይ ጀምሮ፤ የላይኛው ብቻ ከተጫነ ደፍ ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። መቶ የምህንድስና መጽሐፍ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ይግፉት እንጂ አይጎትቱት። ደረጃ ካለ አንድ ሰው ብቻውን አያውርድ።

90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መደርደሪያ በአማካይ ከ25 እስከ 30 መጽሐፍ ይይዛል፤ ሦስት አራተኛው ከሞላ በቂ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ አንባቢው የጀርባውን አናት በጣቱ ይዞ ይጎትታል፣ ጨርቁ ከላይ ይቀደዳል። ትክክለኛው አወጣጥ ጎንና ጎን ያሉትን ሁለት መጻሕፍት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መሀሉን መያዝ ነው። መጽሐፉን ሲያስገቡ ከግራው ሁለት፣ ከቀኙ ሁለት ሌብል ያንብቡ። ይህች ልማድ ሼልፍ ሪዲንግ የሚባለውን፣ ማለትም ሌብል በሌብል እያዩ ሙሉ ረድፍ የመፈተሽን ሥራ በጣም ታቀልላለች። ጀማሪ በሰዓት 50 መጽሐፍ ያለ ስህተት ከደረደረ መልካም ነው፤ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእያንዳንዱ በደረደሩት መጽሐፍ ላይ ባለቀለም ወረቀት ሰክተው ኃላፊው አይቶ እንዲነቅለው ማድረግ የታወቀ ዘዴ ነው። ይህን የሚያደርግ ኃላፊ ያለበትን ቤት ጥቂት ብር ቢያንስም ይምረጡ።

ክረምቱ

ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቁ ደጃፍ ነች፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ የሻጋታ ወር ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱን ሲጎበኙ አፍንጫዎንም ይዘው ይግቡ፤ የእርጥበት ሽታ ካለ ሥራው ላይ መጥረግና ማድረቅ ይጨመራል። መደርደሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው ረድፍ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር መራቁን ይመልከቱ። ከግድግዳ የተጣበቀ መደርደሪያ ኋላው አይተነፍስም፣ ምስጥም በዚያው ይገባል።

ውኃ የነካው መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ይችላል። በየ10 እና 15 ገጹ ነጭ ወረቀት አስገብተው፣ አቁመው፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ያድርቁ፣ ወረቀቱን ሲርስ ይለውጡ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ይጣመማል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሁሉ ይቅደም፤ ርሶ ከደረቀ ገጾቹ ተጣብቀው አይላቀቁም። የሻገተውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሻጋታውን ማዳረስ ነው፤ መጀመሪያ ያድርቁት፣ ከዚያ ደጅ አውጥተው፣ ማስክ አድርገው፣ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ እንደማይሠራ ገና ሲቀጠር ይናገር። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ፤ ማስክ ቤቱ ያቀርባል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውል፣ ዋስና ሰዓት

ብዙ መሥሪያ ቤት ንብረት ለሚይዝ ሠራተኛ ዋስ ይጠይቃል። ዋስ ከማስፈረምዎ በፊት «ለየትኛው መጽሐፍ ነው የምጠየቀው?» የሚለው ይጻፍ። ክፍት መደርደሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ለሺህ አንባቢ ለተጋለጠ ስብስብ በግሉ ሊጠየቅ አይገባም፤ ቆጥሮ ያልተረከበውንም እንደዚሁ። ዝግ መደርደሪያ ከሆነ ርክክቡ በቁጥር ተደርጎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ።

ለግል ድርጅት ቅጥር የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ መስጠት አለበት። ከደመወዝ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። ግብሩንም አስልተው ይግቡ፦ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው፣ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ ይከፈልበታል። ክፍያው በሰዓት፣ በቀን ወይስ በወር እንደሚታሰብ፣ በዓል ቀን ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ይጠየቅ።

የማታ ፈረቃ ያለው ቦታ ሲመርጡ መመለሻውን ቀድመው ያስቡ። ባጃጅ ማታ ይወደዳል፣ ይጠፋልም። የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ በሚጣልበት ጊዜ ደግሞ ፈረቃው ይታጠፋል፤ የታጠፈው ሰዓት ይከፈላል ወይስ ወደ ቀን ይዛወራል የሚለውን ቀድሞ መስማማት ይሻላል። በብስክሌት የሚመላለስ ሰው በክረምት የዝናብ ልብስና ቅያሪ ካልሲ መያዝ አለበት፤ በእርጥብ እጅ መጽሐፍ አይነካም።

እንግዲህ ምርጫው ሲጠቀለል፦ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ለመቀጠል ለሚያስብ የዩኒቨርሲቲ ክፍት መደርደሪያ፤ ሁሉንም ሥራ በአጭር ጊዜ ለማየት ለሚፈልግና በቀን ለሚማር የግል ኮሌጅ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ፈረቃ፤ ልጅ ላላት እናት ወይም ማታ መውጣት ለማይችል ትምህርት ቤት፤ ለራሱ ፈተና እየተዘጋጀ ጥቂት ገቢ ለሚፈልግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ወገቡን የሚያመው ሰው ፖሊን በመሰለ የምህንድስና ስብስብ ላይ አይግባ።

የትም ቢሠሩ ሲለቁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ «ረዳት ሠራተኛ» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፣ የሠሩበት የአመዳደብ ዓይነት፣ የሳምንቱ ሰዓትና ቆጠራ ላይ ተሳትፈው እንደሆነ እንዲጻፍ ያድርጉ።